ከወንበሩ ጀርባ

ስለ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በተነሳ ቁጥር አንድ ቃል ከስማቸው ቀድሞ ይመጣል፤ «የመጀመሪያዋ»። በምርጫ ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር። ከመጀመሪያዎቹ ሴት ጸሐፌ ተውኔቶች አንዷ። ሥነ ጽሑፍ በማስተምርበት ዘመን ብዙዎቹ ተማሪዎቼ ስማቸውን የሚያውቁት ለፈተና ነበር። «የመጀመሪያዋ ማን ናት?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «ስንዱ ገብሩ» ተብሎ ይመለሳል፤ ነጥብ ይያዛል፤ ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል።

«የመጀመሪያዋ» የክብር ስም ነው፤ እንንጠቃቸው አልልም። ነገር ግን ሌላ ጥያቄ ይሸፍንብናል። ወንበሩን ካገኙት በኋላ ምን ለማድረግ ቻሉ? ይህን ጥያቄ አራት ኪሎ ተቀምጦ ከመመለስ፣ ከጣና በስተምሥራቅ ወደተዘረጋው ፎገራ ሜዳ ወርዶ፣ ወረታ ላይ ቆሞ መመለስ ይሻላል ባይ ነኝ። ሕግ አዲስ አበባ ይወጣል እንጂ የሚፈተነው እዚያ ነው።

አስቀድመን ግን ሴትዮዋን እንወቃቸው። በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የጎንደር ከንቲባ የነበሩት ከንቲባ ገብሩ ደስታ ናቸው፤ በሚሲዮናውያን እጅ ኢየሩሳሌምና አውሮጳ ድረስ ሄደው የተማሩ፣ ልጅ ማስተማር ማለት ወንድ ልጅ ማስተማር ብቻ መስሎ ያልታያቸው ሰው። ስንዱን ገና በልጅነታቸው ወደ ስዊዘርላንድ ላኳቸው። ፋሺስት ሲወር ስንዱ ወደ ጎሬ ሄደው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ሆኑ፤ ተያዙ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላ ከብዙ መቶ ኢትዮጵያውያን ጋር ወደ ኢጣልያ ተግዘው አሲናራ ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ አስተማሩ፣ የመነን ትምህርት ቤትን መሩ፣ ተማሪዎቻቸው የሚጫወቷቸውን ቴአትሮች ደረሱ፣ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳተሙ። በ1950 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲመረጡ እንግዲህ ተምረው፣ ተዋግተው፣ ታስረው፣ አስተምረውና ጽፈው ነው። የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከ መሆንም ደረሱ። በኋላ በምዕራብ ጀርመን በኢትዮጵያ ኤምባሲ የባህል ጉዳይ ሠራተኛ ሆነው አገልግለዋል። ያረፉት በሚያዝያ 2001 ዓ.ም. ነው።

የገቡበትን ቤትም እንየው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕዝብ እንደራሴ የሚባለውን ሰው ሕዝብ አይመርጠውም ነበር። ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይምረጡለት ተብሎ ነበር። «እስኪችል» የተባለው ሕዝብ ሃያ ምናምን ዓመት ጠበቀ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው፣ ወንድም ሴትም፣ ድምፅ ይስጥ አለ። የመጀመሪያው ምርጫም በ1950 ዓ.ም. ተደረገ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስዊዘርላንድ፣ ያቺው ስንዱን ያስተማረች አገር፣ ለሴቶቿ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የሰጠችው በ1963 ዓ.ም. ነው።

ግን ቤቱ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነበር። ለመወዳደር የአንድ ሺህ ብር የማይንቀሳቀስ ወይም የሁለት ሺህ ብር የሚንቀሳቀስ ንብረት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ገንዘብ ያለው የፎገራ ገበሬ ስንት ነው? ሚስቱማ አይነሳ። የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፤ እያንዳንዱ እንደራሴ ለብቻው ይገባል፣ ለብቻው ይናገራል፣ ለብቻው ይወጣል። ከጎኑ ያለውን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙታል። ሁለቱ ቤቶች የተስማሙበትም ቢሆን የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ ካላገኘ ሕግ አይሆንም።

ወይዘሮ ስንዱ በምክር ቤት በነበሩበት በዚያው የሥራ ዘመን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ወጣ። ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ትልቅ ሥራ ነው፤ ብዙው ክፍሉ ዛሬም ያገለግላል። የቤተሰቡ ክፍል ግን እንዲህ ይል ነበር፤ በቁጥር 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባታል። በቁጥር 656 የጋራ ንብረቱን የሚያስተዳድረው ባል ነው። በቁጥር 581 ደግሞ ወንድ በአሥራ ስምንት፣ ሴት በአሥራ አምስት ዓመቷ ማግባት ትችላለች።

አስቡት። የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት፣ የምክትል ፕሬዚዳንትነት ወንበር እስከ መያዝ የደረሱት ሴት ባሉበት ቤት፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከትምህርት ገበታ ተነስታ እንድትዳር የሚፈቅድ ሕግ አለፈ።

ነገሩን የባሰ የሚያስገርመው ደግሞ የፎገራው ወግ ነው። በበጌምድርም ሆነ ከዓባይ ማዶ በጎጃም ርስት በእናትም በአባትም ይወረሳል። ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ሁሉ የአቅኚው አባት ተወላጅ ናትና ርስቴ ብላ መጠየቅ፣ መሟገት ትችል ነበር። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት ሲፋቱ አብረው ያፈሩትን እኩል መካፈላቸው የታወቀ ነው። ወጉን አላስውበውም። ችሎቱ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች ወንዶች ነበሩ፤ ልጃገረዷም በአሥራ አምስት ቀርቶ በአሥር ዓመቷ ትዳር ነበር። ቢሆንም በንብረት ረገድ «ዘመናዊ» የተባለው ሕግ ከወጉ አንድ ደረጃ ወርዶ መገኘቱ የሚያሳፍር ነው። ወግ «ተካፈሉ» ያለውን፣ ሕጉ «እሱ ያስተዳድረው» አለ።

ታዲያ ስንዱ ገብሩ ደካማ እንደራሴ ነበሩ? አይደሉም። አሲናራን ያየ ሰው ምክር ቤት አያስፈራውም። ችግሩ ከፊታቸው ሳይሆን ከኋላቸው ነበር። ከኋላቸው ማን ቆሟል? ፓርቲ የለም። በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ያለ በጎ አድራጊ የሴቶች ማኅበር አለ፤ ነገር ግን ሕግ ይለወጥልን ብሎ ምክር ቤት ደጅ የሚቆም አይደለም። አንቀጹን አንብቦ «ይህ እኮ የኔ ጉዳይ ነው» የሚል ጋዜጣ አንባቢ እንኳ በጣት የሚቆጠር ነው። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» በሚባልበት አገር ያወቀችው ሴት አንድ ወንበር ተሰጣት፤ ነገሩ ግን በወንድ አለቀ።

አሁን አርባ ዓመት ዘለን ወደፊት እንምጣ። ሰኔ 1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወጣ። የባል አለቅነት ተሻረ፤ የጋራ ንብረት የጋራ አስተዳደር ሆነ፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም አሥራ ስምንት ተባለ። ይህን ሕግ ያወጣው ምክር ቤት ውስጥ ስንት ሴቶች ነበሩ? ከ547 ወንበር ሃያ እንኳ አይሞሉም። እንግዲህ በቁጥር ከሄድን ከስንዱ ዘመን ብዙም የራቀ አልነበረም። የተለየው ከወንበሩ ጀርባ ያለው ነገር ነው። በ1987 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ተመሥርቶ ነበር። ማኅበሩ አንቀጽ በአንቀጽ እየጠቀሰ ተከራከረ፤ ሕገ መንግሥቱ እኩል ናቸው ካለ ቁጥር 635 ምን ይሠራል ብሎ ጠየቀ፤ ስብሰባ ጠራ፤ ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ሴቶች ሰልፍ ወጡ። ምክር ቤት ውስጥ እጃቸውን ያነሱት አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። እጅ ያስነሳቸው ግን ውጭ ያለው ድምፅ ነው።

የፌዴራሉ ሕግ በቀጥታ ፎገራ አይደርስም። የቤተሰብ ጉዳይ የክልል ሥልጣን ነውና የአማራ ክልል ምክር ቤት በበኩሉ አዋጅ ቁጥር 79/1995ን አወጣ። ከባሕር ዳር ወረታ ስልሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ሕግ አውጪው ቤት እንዲህ ቀርቦ አያውቅም። የገጠር መሬት አዋጆችም ተከተሉ፤ በ1992፣ በ1998፣ ከዚያም በ2009 ዓ.ም.። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ መሬት ሲመዘገብ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጥፎበት፣ በይዞታ ደብተር ሰፈረ።

ለፎገራ ይህ ተራ ወረቀት አይደለም። ርብና ጉማራ ክረምት ሲሞሉ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ድሮ ለጤፍና ለጓያ የሚያስቸግረው ውሃ የሚተኛበት መሬት፣ በ1970ዎቹ በጅግናና በሻጋ ሩዝ ከተሞከረበት ጊዜ ወዲህ ዋጋው ተለወጠ። ከብት የሚሰማራበት ረግረግ የገንዘብ ምንጭ ሆነ። መሬት ሲወደድ ደግሞ መጀመሪያ የሚገፋው ጉልበት የሌለው ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ የፈታች፣ ወንድ ልጅ ያልደረሰላት።

ወረታ ላይ አንዲት የፈቱ እናት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው አሳይተውኛል። ፎቷቸው አለ፣ ስማቸው አለ፣ ማኅተሙ አለ።

«እንዴት ነው እትዬ፣ ጠቀመዎት?» አልኳቸው።

«ጠቅሞኛል እንጂ ጋሼ! ይህ ባይኖር ወንድሞቹ ጠራርገው ያወጡኝ ነበር» አሉኝ። ትንሽ ቆዩና፣ «ስሙ የኔ ነው፤ እርፉ ግን የሌላ ነው። በእኩል ሰጥቼ ነው የማርሰው። ግማሹን እሱ ይወስዳል፤ የኔን ግማሽ ሲያጎድልብኝ ለማን ልበል?»

«የምክር ቤት አባልዎስ?»

ሳቁ። «ሲመረጥ አይቸዋለሁ» አሉ።

ይህ ሳቅ ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም። ደብተሩን ያስገኘው ሕግ አውጪ ቤት ነው፤ ቁም ነገር ሠርቷል። ከደብተሩ በኋላ ያለውን ሁለተኛ ጥያቄ ግን ወደዚያ ቤት የሚወስደው መንገድ የለም። እሳቸው እንደራሴያቸውን የሚያውቁት በምርጫ ሰሞን ነው። እንደራሴያቸውም እሳቸውን እንደዚያው።

«መፍትሔው ወንበሩን በሴቶች መሙላት ነው» የሚል አለ። ተሞልቷል እኮ! በ1992ቱ ምርጫ 42 ሴቶች ተወካዮች ምክር ቤት ገቡ፤ በ2002 ዓ.ም. 152 ሆኑ፤ በ2007 ዓ.ም. 212። ከ547 ወንበር 212! ብዙ የአውሮጳ ፓርላማዎች ያልደረሱበት ቁጥር ነው። በሚያዝያ 2010 ዓ.ም. ደግሞ ወይዘሮ ሙፈሪያት ካሚል የተወካዮች ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆኑ። አሁንም «የመጀመሪያዋ»።

ግን የ2007ቱን ምክር ቤት በሌላ በኩል እንቁጠረው። 547ቱም ወንበር በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ የተያዘ ነበር፤ አንድም የተቃዋሚ ድምፅ የለበትም። ከወንበሩ ጀርባ ያለውስ? የሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ1994 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ለጊዜው ታግዶ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 621 መጣና ስለ መብት የሚሟገት ማኅበር ከውጭ ከአሥር በመቶ በላይ ገንዘብ አያግኝ አለ። በነፃ ጥብቅና ሲቆም የነበረው ማኅበር ሠራተኛውንም ሥራውንም ቀነሰ። ያ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. ተሽሯል፤ የተቀነሰው ሰውና ልምድ ግን በአዋጅ አይመለስም። ስለዚህ ስሌቱ እንዲህ ነው። በ1952 ዓ.ም. ወንበር ላይ ስንዱ፣ ከጀርባ ማንም። በ1992 ዓ.ም. ወንበር ላይ ጥቂት፣ ከጀርባ ብዙ፤ ሕግ ተለወጠ። በ2007 ዓ.ም. ወንበር ላይ 212፣ ከጀርባ የተዘጋ በር።

ወንበሩ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ስንዱ ባይቀመጡበት ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣችው ሁሉ «ሴት ምን ልትሠራ?» የሚለውን ክርክር ከዜሮ ትጀምረው ነበር። ነገር ግን እንደራሴ ብቻውን ጉልበት የለውም። ጉልበቱ የሚጠይቀው፣ የሚከታተለው፣ ሲያጠፋም የሚያወርደው ሕዝብ ነው። ያ ሲጠፋ ጀግናዋም ስንዱ ትሁን ሌላ፣ ስሟ ለፈተና ጥያቄ ይሆናል፤ ቁጥር 635 ደግሞ ይጸድቃል።

ዛሬ ጉዳዩ ይብስ ይቸኩላል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ የአማራ ክልልን ያመሰው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ገጠር የኖረ ሰው እንደሚያውቀው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሽማግሌ ይላካል። አሥራ ስምንት የሚለው ሕግ ወረቀት ላይ አለ፤ የአሥራ አምስት ዓመቷ ልጅ ደግሞ ደብተሯን አስቀምጣ ቤት አለች። ስለ እሷ ባሕር ዳር ሄዶ የሚናገረው ማን ነው? ተናገር ብሎ የሚልከውስ? የወረታ ሴቶች እቁብ አላቸው፣ እድር አላቸው፣ የጽዋ ማኅበር አላቸው፤ አንድ ሰው ቀርቶ ሲመጣ ለምን ቀረህ ብሎ መጠየቅ ያውቁበታል። እድርተኛ ለቅሶ ቢቀር ይቀጣል። እንደራሴ ሲቀርም የሚጠይቀው ሊኖር ይገባል።