የማውንት ቨርነን ጎዳና ታኮ

ወይዘሮ ሉሲያ ሮድሪገስ ሚትላ ካፌን የከፈቱት እ.ኤ.አ. በ1937 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ቦታው በካሊፎርኒያ፣ ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ሳን በርናርዲኖ ነው። ማውንት ቨርነን ጎዳና ያን ጊዜ ከቺካጎ ተነሥቶ ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር የሚያበቃው የሩት 66 አንድ አካል ነበር። ሰፈሩ ዌስት ሳይድ ይባላል፤ በሳንታ ፌ ባቡር ጋራዦችና በብርቱካን እርሻዎች የሚሠሩ ሜክሲኮአውያን የሰፈሩበት ነው። ሚትላ ሠራተኛው ምሳውን የሚበላባት ትንሽ ቤት ነበረች፤ ስሟ በሜክሲኮ ኦሃካ ግዛት ካለው የጥንት ፍርስራሽ ከተማ ስም ጋር አንድ ነው።

እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ከሎንግ ቢች ወደብ ኮንቴይነር ስቤ በሳን በርናርዲኖ ዙሪያ ወደተኮለኮሉት መጋዘኖች አደርሳለሁ፤ በዚህ መስመር ላይ የአገሬን ልጅ ሳላገኝ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። ሥራ በሌለኝ ቀን ምሳዬን ሚትላ እበላለሁ። መጀመሪያ ቺፕስና ሳልሳ ይመጣል። ቀጥሎ ታኮው፦ ቶርቲያ የሚባለው የበቆሎ ቂጣ ታጥፎ እስኪንኮሻኮሽ በዘይት ተጠብሶ፣ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ በቀጭኑ የተከተፈ ሰላጣ፣ ቲማቲምና በብዛት የተፈቀፈቀ ቢጫ የቼዳር አይብ ይዞ። በጎኑ ቀይ ሩዝና የተፈጨ ቦሎቄ። አጠገቤ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ጠረጴዛ ከበው ይበላሉ። በቆሎንም ሆነ ለበርበሬያችን መነሻ የሆነውን ቃሪያ ያላመዱት የሜክሲኮ ገበሬዎች ናቸው፤ ሳልሳው ሲያቃጥለኝ ባዕድ ነገር የበላሁ አይመስለኝም።

ስለዚህ ቤት ሲወራ ሁልጊዜ የሚቀድመው ታኮ ቤል የተባለው የፈጣን ምግብ ድርጅት ታሪክ ነው። እኔ ግን ማስቀደም የምፈልገው ሌላውን ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ የከተማው መዋኛ ሜክሲኮአውያንን እንደ ሌላው ሰው አያስተናግድም ነበር። ግብር ይከፍላሉ፤ ልጆቻቸው በጦር ሜዳ ለአሜሪካ ይዋጋሉ፤ ወንድሞቻቸው ግን ከመዋኛው በር ይመለሳሉ። ኤል ኤስፔክታዶር የተባለው የስፓኒሽ ጋዜጣ አዘጋጅ ኢግናሲዮ ሎፔዝ፣ የሰፈሩ የካቶሊክ ቄስና ሌሎችም በሚትላ ካፌ እየተሰበሰቡ መከሩ። የከተማውንም አስተዳደር ከሰሱ። በ1944 የፌዴራሉ ዳኛ ሊዮን ያንክዊች ከተማው ይህን አድልዎ እንዲያቆም ወሰኑ። ጠበቃቸው ዴቪድ ማርከስ ሌላ ታላቅ ጉዳይም ይዘው አሸነፉ፤ በ1946 በካሊፎርኒያ የሜክሲኮአውያንን ልጆች ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው የተባለበትን የሜንዴዝን ክስ። የጥቁሮችን ልጆች በተለየ ትምህርት ቤት ማስተማርን የሻረው የብራውን ፍርድ የመጣው ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1954 ነው። እኔና ልጆቼ ዛሬ በዚህ አገር የፈለግነው መዋኛ የምንገባው፣ በፈለግነው ክፍል የምንማረው፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ስለመከሩልን ነው። ይህን ሳላስብ እዚያ ምሳ በልቼ አላውቅም።

ወደ ታኮው ልመለስ። በ1950 አካባቢ ግሌን ቤል የሚባል ከጦርነት የተመለሰ ወጣት ከሚትላ ፊት ለፊት ሀምበርገርና ሆት ዶግ ይሸጥ ነበር። የማክዶናልድ ወንድማማቾችም በዚያው በሳን በርናርዲኖ በ1948 ፈጣኑን የሀምበርገር አሠራራቸውን ጀምረው ገበያውን ስለያዙት ቤል ሌላ ነገር ይፈልግ ነበር። ማዶ ደግሞ ሚትላ ደጃፍ ላይ ለታኮ የተሰለፈ ሰው ያያል። እየተሻገረ ይበላ ጀመር፤ አሠራሩን በራሱ ሞከረ፤ በኋላም ባለቤቶቹ ወደ ማእድ ቤት አስገብተው አሳዩት። ታኮውን አስቀድሞ በተጠበሰ ቶርቲያ እያዘጋጀ በ19 ሳንቲም ይሸጥ ጀመር። በ1962 ዳውኒ በተባለችው ከተማ የመጀመሪያውን ታኮ ቤል ከፈተ፤ በ1978 ድርጅቱን ለፔፕሲ ኩባንያ ሸጠው።

ብዙ ጊዜ የተጠበሰውን ደረቅ ታኮ የፈጠረው ቤል ነው ሲባል እሰማለሁ። ይህ ስሕተት ነው። ታኮ የሚጠበስበትን መሣሪያ እንኳ በኒውዮርክ ምግብ ቤት የነበራቸው ሜክሲኮአዊ ሁቬንሲዮ ማልዶናዶ በ1950 በስማቸው አስመዝግበዋል። የቤል ችሎታ ንግዱን ማስፋት ነበር፤ ያንን አልነፍገውም። ምግቡ ግን የእነ ወይዘሮ ሉሲያ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ፣ ቼዳርና ሰላጣ ያለበት ታኮ የሜክሲኮ ምግብ አይደለም የሚሉ አሉ። አልስማማም። ስደተኛ ምግቡን የሚሠራው ገበያው ላይ ባገኘው ነገር ነው። እናቶቻችን ጤፍ አሜሪካ በቀላሉ በማይገኝበት ዘመን ከስንዴና ከገብስ ዱቄት እንጀራ ጋግረው አሳደጉን፤ ያ እንጀራ አልነበረም የሚል ሰው ፊቴ ቢቀርብ እከራከረዋለሁ። የሚትላም ታኮ እንደዚያው የካሊፎርኒያ ሜክሲኮአውያን የራሳቸው ምግብ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳን በርናርዲኖ ክፉ ዘመን አሳልፋለች። ፍሪዌዩ ተሠርቶ መንገደኛው ከማውንት ቨርነን ጎዳና ራቀ። የሳንታ ፌ ጋራዦች ተዘጉ፤ ኖርተን የተባለው የአየር ኃይል ሰፈር በ1994 ተዘጋ፤ በ2012 ከተማዋ ራሷ ዕዳዋን መክፈል አልቻልኩም ብላ ፍርድ ቤት ቀረበች። ሚትላን የወይዘሮ ሉሲያ ቤተሰብ ከትውልድ ትውልድ እየተቀባበለ አቆይቷታል። የዚህን ሁሉ ታሪክ ሰው የሚያውቀውም ልጆቹ ስላልረሱት፣ ጠያቂ ሲመጣም ስለተናገሩ ነው።

የእኛም ታሪክ እንዲሁ መነገር አለበት። በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሰፈራችን በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ በይፋ ተሰየመ። እዚያና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የመጀመሪያዎቹን ምጣዶች የጣዱ፣ ለአዲስ ገቢ ሁሉ ቤታቸውን የከፈቱ እናቶች ዛሬ አርጅተዋል። የምታውቋቸው ካላችሁ፣ በሕይወት እያሉ ጠይቃችሁ ስማቸውን፣ የከፈቱበትን ዓመትና ያሳለፉትን ጻፉ።