ዓይን ያልለየውን ምላስ የለየበት ላይከን

በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራራማ ደኖች፣ በጥድና በዳግላስ ፈር ቅርንጫፎች ላይ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጠቆር ያለ ፀጉር የመሰለ ላይከን ተንዠርግጎ ይታያል። የሰክወፐምክ ሕዝብ ዊላ ይለዋል፤ ሲመገበውም ኖሯል። በረጅም ዘንግ ከዛፍ ይወርዳል፣ ጭራሮው ተለቅሞ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ከዚያም የጋለ ድንጋይ በተነጠፈበት ጉድጓድ ከዱር ሽንኩርት ጋር ተቀብሮ ያድራል። አንዳንድ ጸሐፊዎች የረሃብ ምግብ ብቻ አድርገው ይቆጥሩታል። ለረሃብ ማስታገሻ ብቻ ይህን ያህል የሚለፋ ሰው መኖሩ ግን ያጠራጥራል። ከሁሉ የሚያስገርመው አለቃቀሙ ነው፤ ለቃሚዎቹ ከዛፉ ቆንጥረው ይቀምሱና መራራውን ትተው ያልፉ ነበር። እኔ ይህን ልማድ ሳይሆን በቂ የመለያ ዘዴ እለዋለሁ።

ምላስ የሚያገኘው መራራነት ቩልፒኒክ አሲድ ነው፤ በስካንዲኔቪያ ተኩላ ለመግደል ያገለግል በነበረው ቢጫ ላይከን ውስጥ ያለው መርዝ። ብሮዶና ሆክስዎርዝ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የዚህን ላይከን ሁለት መልኮች፣ ቡናማውን ብርዮሪያ ፍሬሞንቲ፣ አሲድ የበዛበትንና ወደ ቢጫ የሚያደላውን ብርዮሪያ ቶርቱዎሳ ብለው እንደ ሁለት ዝርያ ያዙ። በ2009 የፈንገሶቻቸው ዘረመል ሲነጻጸር ግን የሚለያይ ነገር አልተገኘም። ታዲያ ቀማሾቹ የሌለ ልዩነት ፈጥረው ነበር ሊባል ይችላል? አይመስለኝም። ዝርያ ለመሰየም አልተነሡም፤ የሚበላውን ከማይበላው ለዩ እንጂ፣ አሲዱም በእርግጥ አለ። የላይከን ምንነት ደግሞ በአንድ ፈንገስ ዘረመል አያልቅም። የዕፅዋት ተመራማሪው ሽቬንደነር በ1860ዎቹ ላይከን የፈንገስና የአልጌ ጥምረት ነው ሲል ብዙዎች አልተቀበሉትም ነበር፤ በ2016 ደግሞ ስፕሪቢልና ባልደረቦቹ በላይከኑ ቅርፊት ውስጥ እርሾ አገኙ፣ እርሱም በመራራው ላይ በዝቶ ተገኘ።

እርሾው አሲዱን ያበዛል ማለት ግን ገና የችኮላ ፍርድ ነው። አብሮ መገኘት ምክንያት መሆንን አያረጋግጥም፤ በ2019 በ339 የላይከን ዝርያዎች ላይ የተደረገ ጥናትም እንዲህ ያለው እርሾ በሁሉም ላይከን ውስጥ እንደማይገኝ አሳይቷል። ይህ የእርሾውን ታሪክ ያሳንሰዋል፤ የቀማሾቹን ዘዴ ግን አይነካውም፣ መራራነቱን የሚለየው ምላስ ምንጩን ማወቅ አያስፈልገውምና። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ሁለቱን በፍሬሞንቲ ስም አንድ አድርገዋቸዋል፤ ስለዚህ በዚያ ስም ብቻ የተመዘገበ ናሙና መርዛማ ይሁን አይሁን ከስሙ አይታወቅም።