ባንዳ፦ የጭፍራ ስም የነበረው ስድብ

በአማርኛ የፖለቲካ ሙግት ውስጥ አንድ ሰው «ባንዳ» ከተባለ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። ምን አለ፣ ለምንስ አለ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። ቃሉ ይህን ጉልበት ያገኘው ከአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ ነው፤ አመጣጡ ግን ከዚያ ይቀድማል።

በጣሊያንኛ ባንዳ ማለት ጭፍራ ነው። ጣሊያኖች ኤርትራን ሲይዙ፣ አስካሪ ከሚባለው መደበኛ የአገሬው ተወላጅ ጦር ውጭ በአገሬው አለቃ ሥር የሚዘምተውን ደመወዝተኛ ታጣቂ በዚህ ስም ጠሩት። ያን ጊዜ የሥራ መጠሪያ ነበር። ታጣቂው ለቀጣሪዎቹም ሁልጊዜ የሚታመን አልሆነም። የአጋሜው ራስ ስብሐትና ሐጎስ ተፈሪ በጣሊያን ወገን ተሰልፈው ከቆዩ በኋላ፣ በየካቲት 1888 ዓ.ም. ለአድዋ ጦርነት ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ጭፍሮቻቸውን ይዘው ከዱ፤ ወዲያውም የጣሊያንን የስንቅ መስመር ማጥቃት ያዙ።

ቃሉ የመረረው በ1928 ዓ.ም. ነው። የንጉሠ ነገሥቱ አማች ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ወረራው በተጀመረ በሳምንት ገደማ ለጠላት ገቡ። ከዚያ በኋላ ባንዳው መንገድ መሪ ሆነ። አርበኛው የሚያድርበትን ዋሻ፣ ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ፣ ስንቅ የሚያቀብለውን ቤት የሚያውቀው የአገሩ ልጅ ነበርና፣ የአርበኛው ቁጭት ከጣሊያኑ ይልቅ በእሱ ላይ ቢበረታ አያስገርምም።

በጣሊያን ደመወዝ ያደረ ሁሉ ግን አንድ አልነበረም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩት ሁለት ወጣቶች አንዱ፣ አብርሃ ደቦጭ፣ የጣሊያን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነበር። በዋዜማው ያየው ጎረቤት ባንዳ ቢለው ማን ይፈርድበታል? ከቤቱ ሲወጣ ግን የጣሊያንን ባንዲራ ወለል ላይ አንጥፎ በሳንጃ እንደቸነከረው፣ የኢትዮጵያንም ሰንደቅ ከሳንጃው ጋር አስሮ እንደሄደ ይተረካል። ከተማ ተቀምጠው ለአርበኞች ገንዘብ፣ መድኃኒትና ወሬ ያቀብሉ የነበሩት «ውስጥ አርበኛ» ተባሉ። ከእነሱ አንዷ ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው ጣሊያን አገር፣ አሲናራ ደሴት ድረስ በግዞት ተወስደዋል።

ከነጻነት በኋላ ሒሳቡ ሳይወራረድ ቀረ። ጎጃም ላይ ለጣሊያን ሠራዊት ያሰለፉት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከስቅላት ዳኑ። ለጠላት ሳይገዛ አምስት ዓመት የተዋጋው በላይ ዘለቀ ግን በዐመፅ ተከሶ በጥር 1937 ዓ.ም. ተሰቀለ። ጣሊያንን ያገለገሉ ሰዎች ወደ ሹመት ሲመለሱ ያዩ አርበኞች ቅሬታ ለዓመታት አልበረደም፤ ባንዳ የሚለው ቃል በየቤቱ ሳይደበዝዝ የቆየበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

በደርግ ዘመን «አድኃሪ»ና «ፀረ አብዮት» የሚሉ ስሞች ነግሠው አለፉ። ባንዳ ከእነሱ ይልቅ ዕድሜ አገኘ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በዘለቀው የሰሜኑ ጦርነትም ከተፋላሚዎቹ ወገኖች አንዱ ሌላውን በዚሁ ስም ጠራው።

የ1928ቱን ባንዳ ባንዳ ያሰኙት የሚጨበጡ ነገሮች ነበሩ፦ ከጠላት የተቀበለው ጠመንጃ፣ የበላው ደመወዝ፣ መርቶ ያስገባው ዘመቻ። ዛሬ ሌላ ፓርቲ የደገፈ ወይም ጦርነቱ ይቁም ያለ ሰው አንዱም ሳይገኝበት ስሙ ይለጠፍበታል። ይህ ሰውየውን መበደል ብቻ አይደለም፤ በባንዳ ጥቆማ አባታቸው የተገደለባቸውን፣ ቤታቸው የተቃጠለባቸውን ቤተሰቦች በደል ማርከስም ነው።