የድምፅ ብዛትና የመቀመጫ ብዛት፦ ዛንዚባር በነጻነት ዋዜማ

ዛንዚባር ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር የቆየች፣ ኡንጉጃና ፔምባ የተሰኙ ሁለት ዐበይት ደሴቶችን ያቀፈች ሱልጣኔት ነበረች። ሕዝቧ በአመዛኙ ሙስሊም ነው፤ አብዛኛው የሻፊዒን መዝሀብ ሲከተል፣ የሱልጣኑ ቤተሰብ ኢባዲ ነበር። ይሁን እንጂ የምርጫዎቿን ውዝግብ በእምነት ልዩነት ብቻ መተርጎም አያስኬድም። ይልቁንም መጠየቅ ያለበት፣ አንድ ቂብላ የሚጋሩ ወገኖች የምርጫን ውጤት አምነው መቀበል ለምን እንደ ተሳናቸው ነው።

በጃንዋሪ 1961 ለ22 መቀመጫዎች በተደረገው ምርጫ የአፍሮ ሺራዚ ፓርቲ 10፣ የዛንዚባር ብሔራዊ ፓርቲ 9፣ የዛንዚባርና የፔምባ ሕዝብ ፓርቲ 3 አገኙ። በቻኬ ቻኬ አሸናፊው የተለየው በአንድ ድምፅ ብቻ ነበር። ከሦስተኛው ፓርቲ ተመራጮች ሁለቱ ወደ ብሔራዊው፣ አንዱ ወደ አፍሮ ሺራዚ በማዘንበላቸው ምክር ቤቱ 11 ለ11 ተከፈለ። በጁን ወር አንድ መቀመጫ ተጨምሮ ምርጫው ሲደገም፣ በዕለቱ የተቀሰቀሰው ሁከት የ68 ሰዎችን ሕይወት ቀጠፈ። ሥልጣኑንም የሁለቱ ፓርቲዎች ጥምረት ያዘ።

ወሳኙ ምርጫ የጁላይ 1963ቱ ነው። አፍሮ ሺራዚ ከተሰጠው ድምፅ ከመቶ 54 ያህሉን ቢያገኝም፣ ከ31 መቀመጫዎች የደረሱት 13 ብቻ ነበሩ፤ ጥምረቱ 18 ወሰደ። በየምርጫ ክልሉ የሚያልፈው አንድ ሰው ብቻ ስለ ነበር፣ አፍሮ ሺራዚ በጠንካራ ይዞታዎቹ ያከማቸው ትርፍ ድምፅ መቀመጫ አላስገኘለትም። ውጤቱ በሕጉ መሠረት የጸና ነበር፤ ነገር ግን ከመራጩ የሚበልጠው ክፍል በመንግሥቱ ውስጥ ራሱን አላየም።

ዲሴምበር 10 ቀን 1963 መሐመድ ሻምቴ በሚመሩት መንግሥትና በሱልጣን ጀምሺድ ዙፋን ሥር ነጻነት ታወጀ። ከ33 ቀናት በኋላ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1964፣ አብዮት ፈነዳ፤ ሱልጣኑ ተሰደዱ፤ ከዐረብና ከእስያ ተወላጆች ብዙዎች ተገደሉ።

የድምፅ ብልጫ ለፈሰሰው ደም ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ የመቀመጫ ብልጫም ተሸናፊውን ከምክክር ውጭ ለመተው ፈቃድ አይደለም። ሹራ ማለት ቆጠራ ብቻ አይደለም፤ ቆጠራው ካበቃ በኋላም የተሸነፈውን ቃል መስማት ነው። ዛንዚባር ድምፁን ቆጠረች፤ ምክክሩ ግን ጎደላት።