ከቁራኛ እስከ «አደገኛ ቦዘኔ»

«በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» ስንባባል ቃሉ ከየት እንደመጣ ብዙዎቻችን አናስብም። ቁራኛ የጥንቱ ሙግት ወግ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ የነጠላቸውን ጫፍ አንድ ላይ ቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ፤ እስኪፈረድ ድረስ አንዱ የሌላው ዘብ ነው። ነፍስ ሲጠፋ እንኳ ዋናው ባለጉዳይ የሟች ወገን ነበር፤ ወይ ደም ይመልሳል፣ ወይ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይታረቃል። ጥንቱን ለማሞገስ አይደለም። ያው ዘመን ልጅን የሚያሰክር ነገር አጠጥቶ «ሌባውን አሳይ» የሚል ሌባሻይም ነበረው። ግን ወንጀል እንዲባል ቢያንስ አንድ የተበደለ ሰው መኖር ነበረበት።

በ1923 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ቀጥሎም ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949ኙ ሕግ ጉዳዩን ጠቅልለው ለመንግሥት አስረከቡ። ሥርዓት ያለው ሥራ ነው፤ አንክድም። የግራቨን ሕግ 820 አንቀጾች ነበሩት። የሚገርመው ፓርላማው ረቂቁ ያልነበረውን ግርፋት በአንቀጽ 120ሀ መጨመሩ ነው! ደርግ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደረበበት። ዛሬ የምንዳኝበት የ1996ቱ ሕግ ግርፋቱን ትቷል፤ አንቀጾቹ ግን 865 ደርሰዋል። ከጎኑ ደግሞ በየጊዜው ለብቻቸው የወጡ አዋጆች አሉ።

ከእነዚያ አንዱ እኛን ይመለከታል። በዚያው በ1996 ዓ.ም. የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ አዋጅ ቁጥር 384 ወጣ። መሥራት እየቻለ የሚታይ መተዳደሪያ የሌለው ሰው፣ በዚህ ላይ በመጠጥና በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ወይም በቁማር ከተገኘ፣ በቡድን ተደራጅቶ ሰፈር ከረበሸ፣ አላፊ አግዳሚውን ከተሳደበ አደገኛ ቦዘኔ ነው። የአዋጁ ደጋፊዎች የሚሉት ገብቶናል። ማታ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን የተቀማች እህት ያለችው ሁሉ ይገባዋል። ግን ቅሚያና ድብድብ በወንጀል ሕጉ ተከልክለው የኖሩ ነገሮች ናቸው። ታዲያ አዋጁ ምን ጨመረ? ሥራ ማጣትን የወንጀሉ አንድ ክፍል አደረገ፤ የተያዘው ሰውም በዋስ እንዳይወጣ ከለከለ። ሰክሮ የሚሳደብ ባለሀብት ሰካራም ነው፤ ሥራ ያጣው የሰፈራችን ልጅ ግን ያንኑ ቢያደርግ አደገኛ ነው። በ1997ቱ ምርጫ ማግስት ደግሞ ቃሉ ከአዋጁ ገጽ ወጥቶ ለተቃውሞ አደባባይ ለወጣው ወጣት ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ዋስትናን በሕግ መዝጋት በቦዘኔ አልተጀመረም። በ1993 ዓ.ም. ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። አቶ ስዬ ወዲያው ተመልሰው ተያዙ። ብዙም ሳይቆይ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚያደርግ አዋጅ ወጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ዋስትና መብት ነው፣ በልዩ ሁኔታ የሚከለክለውም ፍርድ ቤት ነው ይላል። አዋጁ አስቀድሞ በሩን ከዘጋው ዳኛው ችሎት የሚቀመጡት ምን ሊወስኑ ነው?

ከዚያ የ2001ዱ የፀረ ሽብር አዋጅ ቁጥር 652 መጣ። ሽብርን «እንደሚያበረታታ ሊቆጠር የሚችል» ጽሑፍ ማውጣት ከ10 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣ ነበር። ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ በ2004 ዓ.ም. በዚህ አዋጅ 18 ዓመት ተፈርዶበታል። የተፈታው በ2010 ዓ.ም. ነው። እንደኛ ጽፎ ለመኖር ለሚያስብ ሰው ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለም።

ማሻሻያው አልመጣም አንልም። አዋጅ 652 በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ 1176 ተተካ። የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት አውጥቶ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ አደረገው። ደስ ብሎናል። ነገር ግን ያው 2012 የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185ንም አምጥቷል፤ እስከ 2 ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ። በጥላቻ ንግግር ሰው ያለቀበት አገር ውስጥ ሆነን አያስፈልግም ለማለት ድፍረቱ የለንም። የሚያሳስበን ልማዱ ነው፤ በአንድ እጅ ሲፍቁ በሌላው መጻፍ።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ፍትሕ ፖሊሲ ከመደበኛው ክስ ውጭ ያሉ አማራጮችን፣ እርቅንም ጭምር፣ አስቦባቸዋል። አያቶቻችን ነጠላ ሲቋጥሩ የነበሩበት ነገር በወረቀት ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ለእኛ ግን ከእርቁ በፊት የሚቀድም ቀላል ነገር አለ። ዋስትናን ጨርሶ የሚከለክሉ አንቀጾች ይነሱና ውሳኔው ለዳኛው ይመለስ። ሁለተኛው ደግሞ «መተዳደሪያ የሌለው» የሚለው ሐረግ ከወንጀል መግለጫ ይውጣ፤ ሥራ የማጣት ጉዳይ መታየት ያለበት በሥራ ፈላጊዎች መዝገብ እንጂ በፖሊስ መዝገብ አይደለም።