ከደቦ ወደ ቆርቆሮ፦ የሳንጃ ክዳን ዋጋ

በታች አርማጭሆዋ ሳንጃ የቤት ክዳን ታሪክ ከሣር ወደ ቆርቆሮ የተደረገ መሻሻል ተደርጎ ይነገራል። በእኔ እምነት ግን ከሁሉ በላይ የተለወጠው አከፋፈሉ ነው። የሣር ክዳን ዋጋ በአብዛኛው በብር አይቆጠርም ነበር። ባለቤቱ ሰንበሌጡን አጭዶ ይከምራል፣ ጎረቤት በደቦ ይጠራል፣ ጠላና እንጀራ ያቀርባል፤ በተራው ደግሞ የሌላውን ቤት ሊከድን ይወጣል። በምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ሥር የሰደደው ቆርቆሮ በየክፍለ ሀገሩ ሲዛመት ግን ቆርቆሮው፣ ምስማሩ፣ ማገሩና የአናጺው ቀን ሁሉ የሚገዛ ሆነ። እንደ ሳንጃ ባለ የሰሊጥ አገር የክዳን እቅድ ከሰሊጡ ገበያ ጋር ተሳሰረ።

ሣር በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ከምድጃ የወጣች አንዲት ፍንጣሪም ታነደዋለች የሚል ሙግት ይነሳል። ሙግቱ እውነት ነው፤ ቆርቆሮ የመረጠ ሰው በከንቱ አልመረጠም። ደቦ የሚጠራ ጎረቤትና የሚታጨድ ሣር በቀነሰበት ቦታማ ምርጫው ጠባብ ነው። ነገር ግን ሣር በውስጡ አየር ይዞ ሙቀትን ሲከላከል፣ ስስ ቆርቆሮ የቆላውን ፀሐይ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ውስጥ ይለቀዋል። ስለዚህ ኮርኒስ፣ ከፍ ያለ ግድግዳና የአየር መውጫ እንደ ቅንጦት ሊታዩ አይገባም፤ ድሮ ሣሩ ያለ ተጨማሪ ዋጋ ይሰጥ የነበረውን ጥላ የሚተኩ ናቸውና ከመጀመሪያው በክዳኑ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለባቸው።