የሐርጌሳ ቀልደኞችና ያልተጻፈው ተውኔታቸው

በብዙ አገሮች ከተሞች የቀልድ በዓል ይደረጋል። አንድ ሰው ድምፅ ማጉያ ይዞ ብቻውን መድረክ ላይ ይቆምና ሕዝቡን ሲያስቅ ያመሻል። ከ1947 ጀምሮ በኤዲንብራ በሚደረገው የኪነ ጥበብ በዓልና በ1983 በሞንትሪያል በተጀመረው የቀልድ በዓል ብዙ ኮሜዲያን ስም አግኝተዋል። (ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።) የዚህ ዓይነት ቀልደኛ ምንጩ ወዴት ነው ሲባል ዓይናችን ወደ ለንደንና ወደ ኒው ዮርክ መሮጡ የተለመደ ነው። እኛ ግን አንባቢን ከጅጅጋ ተነሥተን፣ የጠረፏን ቶጎ ውጫሌን አልፈን፣ ወደ ሐርጌሳ ልንወስድ አስበናል። የሐርጌሳ ቀልድ ለታሪክ መምህር የሚያቀርበው ከባድ ጥያቄ አለና ነው። ይኸውም ሳይጻፍ የተነገረ ቀልድ ለታሪክ ምስክር ሊሆን ይችላልን? የሚል ነው።

ሐርጌሳ ከ1941 ወዲህ የእንግሊዝ ሶማሌላንድ ዋና ከተማ ሆነች። በ1943 ስሙን ከአጋዘን የወሰደ «ሬዲዮ ኩዱ» የሚባል ጣቢያ ተቋቋመ፤ ኋላ ሬዲዮ ሐርጌሳ የተባለው እርሱ ነው። በዚያው ዘመን ግድም አብዲ ሲኒሞ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር «በልዎ» የተባለውን አጭር የፍቅር ዜማ አስለመደ። ከዚህም ረዘም ያለው «ሄሎ» ተወለደ። በሞሺ ታንጋኒካ በ1924 ተወልዶ በኤደን ያደገው አብዱላሂ ቃርሼም ዑዱን ይዞ ወደ ሐርጌሳ መጣ። በ1950ዎቹ «ዋላሎ ሐርጌሳ»፣ ማለት የሐርጌሳ ወንድማማቾች፣ የተባለው ጓድ ሲቋቋም ከዋነኞቹ አንዱ እርሱ ነበረ። በመጀመሪያው ጊዜ ሴቶች መድረክ ላይ መውጣታቸው እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበረ የሴቶቹን ቦታ ወንዶች ለብሰው ይጫወቱት ነበር። ጢሙን ተላጭቶ ሙሽራ ሆኖ የቀረበ ጎልማሳ ገና አፉን ሳይከፍት ተመልካቹን ምን ያህል እንደሚያስቅ መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ተውኔቱ የሚዘጋጅበት መንገድ ነው። የሶማሊ ቋንቋ በመንግሥት የጸደቀ ፊደል ያገኘው በ1972 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት ደራሲው ሥራውን ለተዋንያኑ የሚያስተላልፈው በቃል ነበረ። «ሪዋያድ» የሚባለው ተውኔት ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ግጥሙና ዘፈኑ ነው፤ በሶማሊ ሥነ ግጥም ሕግ መሠረት በየስንኙ ውስጥ አንድ ዓይነት የፊደል ድምፅ ቃል መጀመሪያ ላይ እየተመለሰ መምጣት ስላለበት፣ አንዲት ቃል ብትለወጥ ይፈርሳል። ይህ ክፍል እንዳለ በቃል ይጠናል። ሁለተኛው ክፍል ተራ ንግግሩ ነው። ለዚህ ደራሲው የታሪኩን መንገድ ብቻ ይሰጥና ተዋናዩ በራሱ ቃል ይሞላዋል። ቀልደኛው የሚነግሠው በዚህኛው ነው። የዛሬ ምሽቱ ቀልድ የነገ ምሽቱን አይመስልም፤ ከአዳራሹ አንዱ ጮክ ብሎ ቢናገር ለእርሱም መልስ መስጠት ያስፈልጋል። እንግዲህ ብቻውን ቆሞ የሚያስቀው የዛሬ ኮሜዲያን የሚመካበትን ችሎታ፣ ማለት ከተመልካች ጋር እዚያው መመላለስን፣ የሐርጌሳ ተዋናይ ከጓደኞቹ መካከል ሆኖ ሲሠራበት ኖሯል። ሶማሌዎች ቀልድን «ማጃጂሎ»፣ ቀልደኛውን «ማጃጂሊስቴ» ይሉታል። ቀልድ መስሎ እውነት የሚናገረውን ደግሞ «ካፍታን ዳብሌ» ይሉታል። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ይህን ለመረዳት ብዙ አንቸገርም።

በቦረማ የተወለደው ሐሰን ሼክ ሙሚን በ1968 ያቀረበው «ሸቤልናጎድ» ጥሩ ምሳሌ ነው። የርእሱ ትርጉም የሴቶች ነብር እንደ ማለት ሲሆን፣ በሐሰት ጋብቻ ልጃገረዶችን የሚያታልል ሰው ታሪክ ነው። ተውኔቱ በ1974 ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በመታተሙ የውጭ አገር ሰውም ሊያነበው ችሏል። እዚህ ላይ የእኛው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ትዝ ይለናል። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አውሬዎችን እያናገሩ የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ስለ ነኩ ሥራቸው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ነብርም ሆነ ሌላ አውሬ፣ ስሙን የሚያበድር እንስሳ አይጠፋም። ሆኖም «ፋቡላ» በመጽሐፍ የተጻፈ ስለ ነበረ ከእገዳው በኋላ መጽሐፉ ቀረ። አንድ የሐርጌሳ ተውኔት ሲታገድ ወይም ሲረሳ ግን የሚቀረው ሰው ያስታወሰው ብቻ ነው።

ቴፕ መቅረጫ ሲመጣ ይህ ተለወጠ። ሬዲዮው በሪል፣ ነጋዴውና ተመልካቹ በካሴት ይቀዱ ጀመር። በ1969 ሥልጣን የያዘው የሲያድ ባሬ ወታደራዊ መንግሥት ኪነ ጥበቡን በእጁ ቢያስገባም ነገር በምሳሌ መነገሩ አልቀረም። በ1989 በሞቃዲሾ የታየው የአብዲ ሙሁመድ አሚን «ላንድ ክሩዘር» እህል እየለመነ ውድ መኪና በሚገዛ መንግሥት ላይ የተሰነዘረ ነበረ።

ለሐርጌሳ ግን ክፉው ቀን ቀደም ብሎ መጥቶ ነበር። በግንቦት 1988 መጨረሻ አማጽያኑ ከተማዪቱን ሲያጠቁ መንግሥት በመድፍና በአውሮፕላን ደበደባት። ከገዛ ራሷ አውሮፕላን ማረፊያ እየተነሡ ቦምብ የጣሉባት አውሮፕላኖች ነበሩ። አብዛኛው ቤት ፈረሰ፤ ቴአትር ቤቱም አልተረፈም። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ በጅጅጋ አካባቢ የነበረው የሐርቲ ሼክ ሰፈር እስከ 2004 ድረስ ቆይቷል። የሬዲዮው ሰዎች ግን ቴፖቹን አስቀድመው አሽሽተው ነበር። ከፊሉን ወደ ኢትዮጵያና ወደ ጂቡቲ ላኩ፤ ከፊሉን ቦምብ እንዳያገኘው ከመሬት ቀበሩት። ዛሬ ወደ ሐርጌሳ የሚሄድ እንግዳ በመሐል ከተማ አንድ ሚግ አውሮፕላን በሐውልት ላይ ቆሞ ያያል። በ2014 የተከፈተው የባህል ማእከል ደግሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ካሴቶችን አስቀምጧል። ከእነርሱ የተመረጡ ዘፈኖች በ2017 በውጭ አገር በሸክላ ወጥተው ለግራሚ ሽልማት እስከ መታጨት ደርሰዋል። ዘፈን ድንበር በቀላሉ ይሻገራል፤ ቀልዱ ግን አስተርጓሚ ይፈልጋልና እዚያው ይቀመጣል።

የዚህ ሙያ አደጋ ያለፈ ታሪክ ብቻ እንዳይመስለን የአብዲ ጄይላኒ ማርሻሌን ነገር እናንሣ። ይህ ታዋቂ የሞቃዲሾ ኮሜዲያን አልሸባብን እያስመሰለ ያሾፍ ነበር። ዛቻ በደረሰበት ጊዜ ለጥቂት ቀናት የተሸሸገው በሶማሌላንድ ነው። ወደ ሞቃዲሾ ተመለሰ፤ በ2012 ክረምት በሽጉጥ ገደሉት።

እንግዲህ ካሴቱን ለታሪክ ስንጠቀምበት ምን እንሰማለን? ተዋናዩ የተናገረውን ብቻ አይደለም። የተመልካቹ ሳቅም ተቀድቷል። ሕዝቡ የት ላይ እንደ ፈነዳ፣ የት ላይ ጸጥ እንዳለ፣ የትኛውን ቃል ተዋናዩ ሁለት ጊዜ እንዲደግም እንዳስገደደው ይሰማል። ይህን የመሰለ ማስረጃ የትኛውም የመንግሥት ደብዳቤ አይሰጠንም፤ የተመልካቹ ሳቅ ማኅተም አይመታበትምና።

በመምህራን ማሠልጠኛችን ይህንኑ በአገራችን ቀልድ ሞክረነዋል። እጩ መምህራን ስለ አለቃ ገብረ ሐና የሚነገር አንዳንድ ጨዋታ ከየቀበሌያቸው አዛውንት ቀድተው እንዲመጡ አዘዝን። አለቃ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ መሆናቸውን ሁላችን እናውቃለን። ከቀረቡት ጨዋታዎች በአንዱ ግን አለቃ አውቶቡስ ተሳፍረው ከትኬት ቆራጩ ጋር ሲከራከሩ ተገኙ! ክፍሉ ሳቀ፤ ጨዋታው ሐሰት ነው ተብሎ ሊጣል ሲል አንዲት እጩ መምህርት እጇን አነሣች። «ስለ አለቃ ባይነግረን፣ አያቴ ትኬት ቆራጭ ፊት ደፍረው መናገር ስላልቻሉበት ዘመን አይነግረንም ወይ?» ስትል ጠየቀች። በዚያ ቀን የያዝነውን ትምህርት ትተን ደወል እስኪደወል ድረስ በዚሁ ነገር ስንከራከር ዋልን።